ድምፁ ለሚሰነጠቅባችሁ የቤት ዲጄዎች

የምጠቁማችሁ መርካቶ ውስጥ ያለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ናት። ቤዝ በመጣ ቁጥር ድምፁ እየተሰነጠቀ ሲያስቸግረኝ ኮንትሮለሬንና (ከላፕቶፕ ጋር የሚሰራው የዲጄ መቆጣጠሪያ) አምፕሊፋየሬን ተሸክሜ ሄድኩ። ጠጋኙ ልጅ ብሎን መፍቻ እንኳን አላነሳም። መጀመሪያ ኮንትሮለሩ ላይ ሄድፎን ሰክቶ ሰማ። ጥርት ያለ ነው። «እሱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከሱ በኋላ ነው» አለኝ። ከዚያ ገመዱን ቤት እንደነበረው ስሰካለት ሳቁ መጣ፤ ቤት የገጠመልኝ ባለሙያ ተብዬ አምፕሊፋየሩ ላይ ፎኖ የሚለው ቀዳዳ ላይ ነበር የሰካው። ፎኖ ለሸክላ ማጫወቻ የተሰራ ስለሆነ ደካማ ሲግናል ጠብቆ በጣም ያጎላል፣ ቤዙንም ለብቻው ይጨምርበታል፣ ኮንትሮለር ሲሰካበት እንግዲህ ጉድ ነው። «ላይን» ወደሚለው ቀዳዳ ቀየረው፣ አለቀ። የኮንትሮለሩን ጌንም (የሲግናሉን መጠን የሚወስነውን) ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ቀነሰው።

ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከሆነ ግን ላፕቶፑን ጠርጥሩ ይላል። የዲጄ ሶፍትዌሩን በፈር (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ለጊዜው የሚጠራቀምበትን) ከ128 ወደ 512 ሳምፕል ከፍ ማድረግ ነው፤ የሚጨምረው መዘግየት ከ10 ሚሊሰከንድ አይበልጥም።

የፍተሻ ብቻ ነው ያስከፈለኝ። ሌላው ቢሆን «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ይገሸልጠኝ ነበር። ወረፋው ግን ያማርራል፣ መቀመጫም የለም። ገመዶቻችሁን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ።