ባለ 80 ሊትሩ አዲስ ቦርሳና አሮጌው የሳልቫጅ ቦርሳ

ባለፈው ኅዳር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር ስንነሳ፣ ሦስታችንም ጓዛችንን የሸከፍነው በየራሳችን መንገድ ነበር። አንደኛው ጓደኛዬ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ሱቅ በ4,500 ብር የገዛውን፣ በጎኑ «80 ሊትር» የሚል ጽሑፍና የአንድ ታዋቂ የውጭ አምራች ምልክት ያለበትን አዲስ ቦርሳ ያዘ። እኔ ከመርካቶ ሳልቫጅ በ3,200 ብር ያገኘሁትን፣ «65» የሚለው ቁጥሩ ሊጠፋ የደረሰ አሮጌ ቦርሳ አነገትኩ። ሦስተኛው ጓደኛችን ቦርሳ የሚባል ነገር ሳይገዛ ዕቃውን በሙሉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቆ ፈረስ ላይ ጫነው፤ ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ። የምገመግመው በዋናነት ሁለቱን ቦርሳዎች ነው፤ ሆኖም ባዶ ቦርሳ ብዙ ስለማይናገር ስለ መኝታው፣ ስለ ስንቁና ስለ አሸካከፉም ማንሳቴ አይቀርም።

ከመነሳታችን በፊት በነበረው ምሽት ሁለቱንም ቦርሳዎች ቤት ውስጥ ለካናቸው። አምራቾች የቦርሳን መጠን የሚለኩት በትናንሽ የፕላስቲክ ኳሶች ሞልተው ነው፤ እኛ ኳስ ስላልነበረን ውሃ የምናጠራቅምባቸውን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች ተጠቀምን። ጀሪካን ማዕዘን ስላለው ቦታ ያባክናል፤ ቢሆንም 80 ሊትር የተባለ ቦርሳ ሁለት ባዶ ጀሪካን ደራርቦ ከዋጠ በኋላ ከላይም ከጎንም ቦታ ሊተርፈው ይገባ ነበር። አዲሱ ቦርሳ የመጀመሪያውን እንደ ምንም አስገባ፤ የሁለተኛው ግማሽ ግን ውጪ ቀረ። አሮጌው ሁለቱንም ውጦ ክዳኑ ተዘጋ። ከዚህ ተነስቼ የአዲሱ ቦርሳ ትክክለኛ መጠን ከ50 ሊትር እንደማይበልጥ ገመትኩ። 50 ሊትር በራሱ ነውር የለበትም፤ እንደ መናገሻ ሱባ ባለ ከከተማ ብዙ በማይርቅ ደን ውስጥ ለአንድ ሌሊት ለሚያድር ሰው ይበቃል። ነውሩ የሌለውን 30 ሊትር አብሮ መሸጡ ላይ ነው። ስለዚህ ቦርሳ ልትገዙ ስትሄዱ የተጻፈውን ቁጥር ከማመን ይልቅ፣ ከጓዛችሁ ሁሉ ቦታ የሚፈጀውን የመኝታ ከረጢታችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ከትታችሁ እንድታዩት እመክራለሁ።

ከመጠኑ በላይ ልዩነት የሚያመጣው ግን የጀርባው ርዝመትና የወገቡ ቀበቶ ነው፤ በእኛ ሱቆች ደግሞ ስለ ሁለቱ የሚጠይቅም የሚያስረዳም እምብዛም አላጋጠመኝም። ቦርሳ የሚሸከመው ትከሻ ይመስለናል፤ በደንብ የተሠራ ቦርሳ ግን አብዛኛውን ክብደት በቀበቶው በኩል ወደ ዳሌ አጥንት ያወርደዋል፤ የትከሻ ማንገቻዎቹ ሥራ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይዘም መያዝ ብቻ ነው። ይህ እንዲሆን የቦርሳው ጀርባ ከሰውየው ጀርባ ጋር መገጣጠም አለበት። ልኬቱ ቀላል ነው፤ አንገታችሁን ወደ ፊት ስትደፉ ከማጅራታችሁ ሥር ጎልታ የምትወጣ አጥንት አለች። ከእርሷ ጀምሮ፣ ሁለት እጃችሁን በዳሌ አጥንታችሁ አናት ላይ ስታሳርፉ አውራ ጣቶቻችሁ ከኋላ እስከሚያመለክቱት መስመር ድረስ በልብስ ሰፊ ሜትር አስለኩት። የእኔ 47 ሳንቲ ሜትር ነው። የቁመት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት የሚረዝመው ጓደኛዬ የጀርባው ርዝመት ከእኔ ጋር እኩል ነው፤ የሚበልጠኝ በእግሩ ነው።

አሮጌውን ቦርሳ ስገዛ ሻጩን አንድ ነገር ለመንኩት፤ አሥር ኪሎ የሚሆን ነገር ከትቼ ልሞክረው አልኩ። ልጁ ከጎረቤቱ የዱቄት ከረጢት ተውሶ አመጣና፣ እኔ ቀበቶውን አጥብቄ በጠባቧ መተላለፊያ ወዲያና ወዲህ ስል ሲያይ «ጋሼ፣ ቦርሳ ነው የሚገዙት ወይስ በቅሎ?» አለኝ። ያሾፍ እንጂ ያቺ የአምስት ደቂቃ ዙረት ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ጠቅማኛለች፤ ቀበቶው ዳሌዬ ላይ ሲቀመጥ ማንገቻዎቹን ብለቃቸው እንኳ ክብደቱ ወደ ታች እንደሚወርድ በራሴ ገላ አረጋገጥኩ። ቦርሳው በውስጡ ሁለት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ዘንጎች አሉት፤ ቀበቶው የተያያዘውም ከእነዚህ ዘንጎች ጋር ነው። በአዲሱ ቦርሳ ውስጥ ግን በእጄ ዳብሼ ያገኘሁት ስስ ስፖንጅ ብቻ ነበር፤ ቀበቶውም ከጨርቁ ጠርዝ ጋር የተሰፋ ተራ ጠፍር ነው። ባዶውን ሲመዘን አዲሱ 1.3 ኪሎ፣ አሮጌው 2.1 ኪሎ ነው፤ አዲሱን ለጓደኛዬ የሸጠለት ሰው ቅለቱን እንደ ትልቅ ብልጫ ቆጥሮት ነበር። ያቺ የ800 ግራም ልዩነት ዘንጎቹና ወፍራሙ ቀበቶ ናቸው፤ በመንገድ ላይም ዋጋዋን መልሳለች።

ከዲንሾ ተነስተን ወደ ዌብ ሸለቆ መጓዝ ከጀመርን ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን የአዲሱ ቦርሳ የግራ ማንገቻ ከላይ መሰንጠቅ ጀመረ። ቆመን ስናየው የተሰፋው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ የጨርቁ ጠርዝም ሳይታጠፍ ስለተሰፋ ክሩ ጨርቁን እየተረተረ ወጥቶ ነበር። ፈረስ የሚነዱልን አዛውንት ከኮርቻው ሥር ወስፌና ሲባጎ አውጥተው፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ በጥርሳቸው ክሩን እየሳቡ በሩብ ሰዓት ውስጥ መልሰው ሰፉት። ከጨረሱ በኋላ ቦርሳውን አገላብጠው አዩና «አዲስ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ጓደኛዬም መልስ አልሰጠም። የእርሳቸው ስፌት እስከ አዲስ አበባ ድረስ ቆይቷል።

እንዲህ ያለውን ጉድለት ሱቅ ውስጥ ማየት ይቻላል። ቦርሳውን ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተገናኘበትን ቦታ ፈልጉ፤ ጥሩ ቦርሳ እዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ወይም በሳጥን መልክ ተሰፍቶ መሐሉ በመስቀል የተያያዘ ስፌት ይኖረዋል፤ የጨርቁ ጠርዝም በጥብጣብ ይሸፈናል። የጨርቁን ውፍረት በተመለከተ በአንዳንድ ቦርሳዎች ላይ «ዴኒየር» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ይህም 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር በግራም ስንት እንደሚመዝን የሚገልጽ መለኪያ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል፤ ስለ ስፌቱ ግን ምንም አይነግራችሁም። የተሰነጠቀው ቦርሳ ጨርቅ እኮ ወፍራም ነበር።

አሮጌው ቦርሳ ያለ እንከን ነው ማለቴ አይደለም። ሳልቫጅ ውስጥ ያሉ ቦርሳዎች ትልቁ በሽታ ከጨርቁ በውስጥ በኩል የተቀባው ውሃ መከላከያ ሽፋን ማርጀት ነው፤ ለብዙ ጊዜ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ታሽጎ የቆየ ቦርሳ ሽፋኑ መጀመሪያ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ከዚያም እንደ ፎረፎር ይረግፋል። የእኔም ከታች በኩል መርገፍ ጀምሯል፤ ልብሴ ላይ ነጫጭ ብናኝ እያገኘሁ ነው። እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ስትዳብሱ ጣታችሁ ከተጣበቀ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ከሸተታችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። የደረት ማያያዣው ዘለበትም አልነበረውም፤ እሱን እዚያው መርካቶ ቦርሳ የሚጠግን ሰው በ150 ብር ተካልኝ። ዘለበት ይተካል፤ ዚፕም ይቀየራል። ዘንጉ የተሰበረ ወይም ስፖንጁ የሟሸሸ ቦርሳ ግን አይድንም።

ስለ ዝናብ ብዙ አልልም። ሁለቱም ቦርሳዎች ውሃ ያስገባሉ፤ ከላይ የሚለብሱት ሽፋንም በጀርባ በኩል የሚወርደውን ውሃ አያቆምም። ወፍራም ላስቲክ ከረጢት ውስጡ ዘርግታችሁ የመኝታ ከረጢቱንና የሌሊት ልብሳችሁን እዚያ ከትታችሁ አፉን ጠምዝዛችሁ እሰሩ።

የቦርሳውን መጠን በመጨረሻ የሚወስነው ብርዱ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ዲንሾ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆን የሳነቴ አምባ ከ4,000 ይበልጣል፤ ከላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ እኛም ጠዋት ስንነሳ የድንኳኑ ጨርቅ በውርጭ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ ነበር። የመኝታ ከረጢት ሲገዛ በደንብ የተለካው በምልክቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይይዛል፤ አንዱ ተመችቶ የሚተኛበት፣ ሁለተኛው ተኮራምቶ የሚታደርበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሕይወትን ለማትረፍ ብቻ የሚያገለግልበት የሙቀት መጠን ነው። ሻጭ የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ስለሆነ እናንተ የመጀመሪያውን ፈልጉ። ከሥሩ የሚነጠፍ የፎም ምንጣፍም የግድ ነው፤ የመኝታ ከረጢቱ በገላችሁ ክብደት ሲጨፈለቅ ከታች በኩል ሙቀት የመያዝ ኃይሉን ያጣልና። ጋቢን በተመለከተ ከጓደኞቼ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። ጥጥ ስለሆነ ይከብዳል፣ እርጥበትም ይይዛል፤ በግራምና በሊትር ብቻ ከታሰበ ቤት መቅረት አለበት። እኔ ግን ይዤው ሄጃለሁ፤ ወደፊትም እይዘዋለሁ።

ስንቅ ላይ የእኛ አገር ምግብ ከውጭ ከሚመጣው የታሸገ የተጓዥ ምግብ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ቆሎና ትንሽ በርበሬ ቀላል ናቸው፤ አይበላሹም፤ ከሁሉ በላይ ረጅም እሳት አይፈልጉም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በከፍታ ላይ ይገዝፋል፤ 3,500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ድንችና ምስር እስኪበስሉ ያለው ጊዜ ጋዝ ይጨርሳል። ጋዙም የራሱ ጣጣ አለው። ተራው ቡቴን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ትነት መለወጥ ስለሚያቆም ጠዋት ላይ እሳቱ ይኮሰምናል፤ ቆርቆሮውን ሌሊት የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይዞ ማደር ይረዳል። በአውሮፕላን ለሚጓዝ ሰው የጋዝ ቆርቆሮ ፈጽሞ ስለማይፈቀድ ይህንን ሁሉ ያደረግነው በመኪና ስለሄድን ነው።

አሸካከፉ ላይ አንድ ስህተት ሠርቼ ተምሬበታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሊትር ውሃዬን በውጭ ኪስ፣ ምግቡን ከታች፣ ቀላሉን የመኝታ ከረጢት ከላይ አድርጌ ስለነበር ቁልቁለት ላይ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትተኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን የመኝታ ከረጢቱን ከሥር፣ ውሃውንና ምግቡን ከጀርባዬ ጋር አጣብቄ በትከሻ አጥንቶቼ መካከል በሚውል ቁመት፣ ሹራቡን ከፊቱ፣ የዝናብ ልብሱንና የግንባር ባትሪውን ከክዳኑ ሥር አደረግኩ። ያው ዕቃ፣ ያው 13.5 ኪሎ ነበር፤ አካሄዴ ግን ሌላ ሆነ። እኔ 68 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ከገላ ክብደት ከአምስት አንድ እጅ በላይ አትሸከም የሚለውን የተጓዦች ልማድ ብከተል ይኸው የመጨረሻው ልክ ነበር።

ማዳበሪያ ይዞ ወደ መጣው ጓደኛችን ልመለስ። በባሌ ብዙ ተጓዥ ጓዙን በፈረስ ያስጭናል፤ ፈረስ ላይ ደግሞ ጭነት በገመድ ተጠፍንጎ ስለሚታሰር የተራቀቀ ቦርሳ ዘለበቱ ይሰበራል፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ የውጭ ኪሱ ይቀደዳል። የእርሱ ከረጢት ምንም አልሆነም፤ ዋጋው ደግሞ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም ነበር። ችግሩ የታየው ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ስንደርስ ነው፤ ከታች ያለችውን ባትሪውን ለማግኘት ዕቃውን በሙሉ ጨለማ ውስጥ ሣር ላይ ዘረገፈ፤ በመንገድም ላይ ውሃና ሹራብ የሚይዝበት ስላልነበረው የእኔን ቦርሳ ሲከፍት ሲዘጋ ዋለ። ጭነታችሁን በሙሉ ለፈረስ የምትሰጡ ከሆነ ለትልቅ ቦርሳ ገንዘብ አታውጡ፤ በጠንካራ ከረጢት ሸክፋችሁ፣ ለቀን የሚሆን ባለ 25 ወይም 30 ሊትር ትንሽ ቦርሳ ብቻ ግዙ። በራሳችሁ ጀርባ የምትሸከሙ ከሆነ ግን ምርጫዬ ቀበቶው ዳሌ ላይ የሚቀመጥ፣ ዘንግ ያለው፣ ሽፋኑ ያልተጣበቀ የሳልቫጅ ቦርሳ ነው።

ባለ 80 ሊትሩ ቦርሳ አሁን ጓደኛዬ ቤት ድንኳኑን ይዞ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ወደ ሱቁ መልሶት ነበር፤ ስፌቱን አይተው «ይህማ ተጠግኗል» ብለው አልቀበልም አሉት።