ምድጃ ያለው የሬዚስታንስ መለኪያ፦ ሃርድዌሩ ጥሩ ነው፣ ሶፍትዌሩ ግን...

ይህን መለኪያ ያስገዛን አንድ ጥያቄ ነው። ኤሌክትሮኖቻቸው እርስ በርስ በኃይል የሚገፋፉ ኦክሳይዶች በጣም ሲግሉ ሬዚስቲቪቲያቸው (ቁሱ ራሱ ከረንት እንዳያልፍ የሚቃወምበት መጠን) እስከ የት ይወጣል? ተራ ሜታል ለመለካት ከሆነ ይበዛባችኋል፣ ቀለል ያለ ፈልጉ።

መለኪያው ራሱ አይታማም። ሁለት ሽቦ ከረንት ያስገባል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ቮልቴጅ ብቻ ያነባሉ፣ ስለዚህ የመገናኛው ሬዚስታንስ ንባቡ ውስጥ አይገባም። በየንባቡም የከረንቱን አቅጣጫ እየገለበጠ አማካዩን ይወስዳል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የናሙናው አንዱ ጫፍ ከሌላው ትንሽ ከሞቀ በራሱ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ካልገለበጣችሁ ያንንም አብራችሁ ነው የምትለኩት። ሽቦዎቹ ፕላቲኒየም ናቸው። ብር ቢሆኑ 961 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ቀልጠው አርፈውት ነበር።

ችግሩ ከምድጃው ይጀምራል። ሙቀት የሚለካውን ቴርሞካፕል ናሙናው አጠገብ በማድረግ ፈንታ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። ቶሎ ካሞቃችሁ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚወጡት ሁለቱ የግራፍ መስመሮች አይገጥሙም። በዚያ ላይ ኦክስጅን ማስገቢያ የለውም። ኩፕሬት (መዳብ ያለበት ኦክሳይድ) ሲግል ኦክስጅን ይለቃል፣ ከረንቱን የሚሸከሙት የቻርጅ ተሸካሚዎች ቁጥርም ይቀየራል፤ እንግዲህ ልዩነቱ ከቴርሞካፕሉ ይምጣ ከናሙናው ማን ይፍረድ? ቀስ ብሎ ማሞቅ የመጀመሪያውን ያቃልላል፣ ሁለተኛውን ያባብሳል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሶፍትዌሩ ነው። በተለመደው ሜታል ኤሌክትሮን ሳይጋጭ የሚጓዘው ርቀት አጥሮ አጥሮ በአተሞች መካከል ካለው ክፍተት ጋር ሲስተካከል፣ ሬዚስቲቪቲው መውጣቱን ያቆማል ተብሎ ይጠበቃል። ሞት-ዮፌ-ሬገል ገደብ የሚባለው ይሄ ነው። ፕሮግራሙ ይህን እንደ ሕግ ይዞት ከገደቡ ያለፈውን ነጥብ ሁሉ ቀይ ቀብቶ «ስህተት» እያለ ከግራፉ ይጥላል። ኧረ በናታችሁ! ላንታነም ስትሮንሺየም ኮፐር ኦክሳይድ የተባለው ኩፕሬት እኮ ሬዚስቲቪቲው እስከ 1000 ኬልቪን ድረስ ሳይጎብጥ ሲወጣ የተለካው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ፊዚሲስቶቹ ኤመሪና ኪቭልሰንም በ1995 «መጥፎ ሜታሎች» ያሏቸው እንዲህ ያሉትን ነው። በ2019 ደግሞ ተመሳሳይ ባህርይ በሌዘር በተያዙ የሊቲየም አተሞች ላይ ታየ፣ ያውም ያለ አንዲት ሽቦ። እኛ ገንዘብ የከፈልንበትን ነጥብ ነው ዕቃው የሚጥለው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት። ሻጮቹ በሚቀጥለው ቨርዥን ይስተካከላል ብለዋል። እስከዚያው ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ማጣሪያውን አጥፉ፣ ጥሬውን ፋይልም ለብቻው አስቀምጡ፤ የተጣሉት ነጥቦች እዚያ አሉ።