አሟሟት መንግሥተ ሰማያትን ይዘጋል? የካቶሊክና የፕሮቴስታንት መልስ

ሁለቱም የሚመዝኑት አደጋውን ወይም በሽታውን ሳይሆን የነፍስን ሁኔታ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው።

በካቶሊክ ትምህርት ወሳኙ ሰው በጸጋ፣ ማለትም ያልተሰረየ ከባድ ኃጢአት ሳይኖርበት፣ መሞቱ ነው። ለታማሚ ኑዛዜ፣ ምሥጢረ ቀንዲል (በተባረከ ዘይት መቀባት) እና የመጨረሻ ቁርባን ይሰጠዋል። ካህን ሳይደርስ የሚሞትስ? ለእግዚአብሔር ካለው ፍቅር የተነሣ ከተጸጸተና ሲችል ለመናዘዝ ከቆረጠ፣ ከባድ ኃጢአቱም ይሰረያል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሲኦልን ፈርቶ ብቻ መጸጸት ያለ ኑዛዜ አይበቃም። ሳይጠመቅ ስለ ክርስቶስ የተገደለ ሰው ግን ደሙ እንደ ጥምቀት ይቆጠርለታል፤ አሟሟት በራሱ የሚቆጠረው እዚህ ጋ ነው።

ለፕሮቴስታንቱ የመጨረሻው ሰዓት ሥርዓት ግዴታ አይደለም፤ እምነት ይበቃል። ማስረጃው በመስቀል ላይ ያለው ወንበዴ ነው (ሉቃ. 23፥43)። እምነት ሊጠፋ ይችላል የሚሉት ፕሮቴስታንቶች ግን እውነተኛ እምነት አይጠፋም ከሚሉት የተሐድሶ መሪው የካልቪን ተከታዮች ጋር አይስማሙም።

ራስን ማጥፋት ላይ እ.ኤ.አ. የ1917ቱ የካቶሊክ ሕግ የቤተ ክርስቲያን ቀብር ይከለክል ነበር፤ የ1983ቱ ያንን አንቀጽ አስቀረ። ክልከላው ስለ ቀብር እንጂ ስለ ሲኦል የተሰጠ ፍርድ አልነበረም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከባድ የአእምሮ ሕመም ተጠያቂነትን እንደሚቀንስ ታስተምራለች፤ ለሟቹም ትጸልያለች።