ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲን ለምትጠይቁኝ

ማስተርሴን የሠራሁት እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። "እንዴት ነው?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ቁርጡን ልንገራችሁ። ክፍል ተቀምጦ ለመማር ብቻ ከሆነ ገንዘቡ አያዋጣችሁም። የራሳችሁ ጥያቄ ካላችሁ ግን በጣም ያዋጣል።

ሌክቸሩ ጥቂት ነው፤ ሌላው ጊዜ የንባብ ነው። ሴሚናር የሚገባው ተነቦ ነው፤ መምህሩ ጽሑፉን አያብራራላችሁም፣ "እዚህ ጋ ጸሐፊዋ የሳተችው ምንድን ነው?" ብሎ ይጀምርና ዝም ብሎ ያያችኋል። መጀመሪያ አካባቢ አፍ ያስይዛል። መምህር ያለውን ተቀብለን ላደግን ልጆች ይከብዳል፣ ግን የትምህርቱ ዋና ነገር እሱ ነው።

ማርክም ላይ እንዳትደነግጡ። ማለፊያው 50 ነው፣ ከ70 ጀምሮ ዲስቲንክሽን (ከፍተኛው ማዕረግ) ነው። አገር ቤት ኤ ስትለቅሙ ኖራችሁ 62 ቢመጣባችሁ ጥሩ ውጤት ነው። ቸክሎ መመለስ እዚያ አይሠራም። ከማርኩ ይልቅ በጎን የሚጻፈውን አስተያየት አንብቡ፤ እኔ ጽሑፍ ላይ ደጋግሞ ይመጣ የነበረው "ይሄ የእነሱ ሐሳብ ነው፣ ያንተስ?" የሚል ነበር።

ቤቱ የምርምር ቤት ነው። በፈረንጆቹ 2004 አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ግራፋይት ላይ ተራ ፕላስተር እየለጠፉ እየላጡ ግራፊን የሚባለውን የአንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ያገኙት እዚያ ነው፤ በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት። እንዲህ ያለ ቦታ መምህራኑ ብዙ ሰዓታቸውን የሚሰጡት ለምርምራቸው ነው። ጥያቄያችሁን አጥርታችሁ ከሄዳችሁ አብረዋችሁ ይቆፍራሉ። "ምን ላጥና?" ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ።

እኔን የማረከኝ ዲንስጌት መንገድ ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲው ጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ1900 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሕንፃ ነው፣ የግዕዝ ብራናዎችም አሉት። ቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል፣ እስክሪብቶ አይገባም፣ በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው። ብራናው መደገፊያ ላይ ተደርጎ ሲከፈት የቅዱሳኑ ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ዛሬም ደማቅ ነው። ደስታም ቁጭትም አለው። ታሪክ ወይም ቋንቋ ለምታጠኑ ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ቅር የሚለኝ ጊዜውና ወጪው ነው። ማስተርሱ አንድ ዓመት ነው፦ 180 ክሬዲት፣ አብዛኛውን ጊዜ 60ው የመመረቂያ ጽሑፍ። ለውጭ ተማሪ ክፍያው ከባድ ነው፣ ከቪዛው ጋር በዓመት 776 ፓውንድ የጤና ክፍያ አለ፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ የምርምር ያልሆነ፣ በክፍል ትምህርት የሚሰጥ ማስተርስ የሚማር ሰው በመንግሥት ስኮላርሺፕ ካልሆነ በቀር ቤተሰቡን ይዞ መሄድ አይችልም። የቤተሰብ ቤት ሸጣችሁ ሂዱ አልልም። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ፣ ቺቭኒንግን ሞክሩ። ሙሉ ወጪውን ይሸፍናል፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱም አገራችሁ ተመልሳችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው።

ርዕሳችሁን ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ደርሼ እፈልጋለሁ ካላችሁ ዓመቱ ያልቅባችኋል።