የሱሉልታው እርጎ ቤትና ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ

ከእንጦጦ ማዶ የጎጃምን መንገድ ይዞ ወደ ሱሉልታ የሚወርድ ሰው ወተትና እርጎ የሚሸጡ ቤቶችን ሳያይ አያልፍም። ከእነዚህ የአንዱ ደንበኛ ከሆንኩ ሦስት ወር አልፎኛል፤ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም።

እርጎው ወፍራም ነው፣ አጓቱ አይለይም፣ ኮምጣጣነቱም ልከኛ ነው። ወተቱ የሚረጋበት ዕቃ በወይራ የታጠነ በመሆኑ ሽታው ገና ክዳኑ ሲከፈት ያውዳል፤ ጭሱ ግን ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ አይደለም፣ በዕቃው ውስጥ የቀሩ ወተት አበላሽ ተህዋስያንንም ያዳክማል። ባለቤቷን ወተቱ ይፈላ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ “ይፈላል እንጂ ልጄ፤ ለብ ሲል ከትናንቱ እርጎ ጣል እናደርግበታለን” አሉኝ። ይህን መልስ ከጣዕሙ አስበልጬ ወድጄዋለሁ። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን የከብት በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ማፍላት ደግሞ ከጎጂው ጋር ጠቃሚውንም ባክቴሪያ ስለሚገድል፣ ጠቃሚው ተመልሶ የሚገባው በእርሾው፣ ማለትም በትናንቱ እርጎ፣ አማካይነት ነው።

ቅሬታዬ ከመደርደሪያው በላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ነው። እርጎው “የአንጀት ባክቴሪያን አስተካክሎ ስኳርን፣ ደም ግፊትንና ድብርትን ያድናል” ይላል። ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት እርጎንና ሌሎች የተብላሉ ምግቦችን አብዝተው የተመገቡ ሰዎች የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት በዝቶ፣ በደማቸው ውስጥ ከሰውነት መቆጣት ጋር የተያያዙ 19 ፕሮቲኖች ቀንሰው ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ በጥናቱ የተካፈሉት በጠቅላላው 36 ጤነኛ ሰዎች ሲሆኑ፣ ግማሾቹ የተመደቡት አሠር (ፋይበር) የበዛበትን ምግብ እንዲመገቡ ነበር፤ የተብላላውን የተመገቡትም በቀን በአማካይ ስድስት ጊዜ ያህል ወስደውታል። ከበሽታ የዳነ ሰው ስላልነበረ፣ ከዚህ ተነሥቶ የስኳር ሕመምተኛን በአንድ ብርጭቆ እርጎ ማጽናናት ትልቅ ድፍረት ነው፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ እንደሆነ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል። የአንጀት ባክቴሪያን በመለወጥ በሽታ እንደሚድን በጥብቅ ሙከራ ከታየባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ እየተመላለሰ የሚያስቸግር ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው ተቅማጥ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድ በወጣው ጥናት የተረጋገጠው መድኃኒትም፣ በእርጎ ግምገማ መካከል ማንሣቱ ቢያሳፍርም፣ ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ዓይነ ምድር ነበር።

እንጀራቸውም “ሕያው ባክቴሪያ ያለው” ተብሎ ይሸጣል። ሊጡ በእርሾ መብላላቱ እውነት ነው፤ ምጣዱ ላይ ከበሰለ በኋላ ግን በሕይወት የሚተርፍ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ ማሰብ ያዳግታል። የጤፉ አሠር ራሱ በቂ ሙገሳ በሆነ ነበር፤ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት የሚደርሰውን አሠር እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የተባለውን አሲድ ይሠሩበታል፣ የአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሳትም ኃይል የሚያገኙት በአብዛኛው ከእርሱ ነው። አይቡ ከአሬራ በእሳት የሚወጣ ስለሆነ፣ ስለ እርሱ የተጻፈውም ከዚህ አይሻልም።

አንድ ጊዜ ቤት ያደረስኩት ጠርሙስ ክዳኑ ተነፍቶ ስለነበር ደፍቼዋለሁ። የረጋበት ቀን ስላልተጻፈበት ስንት ቀን እንደቆየ ማወቅ አልቻልኩም። ይህንን ስነግራቸው ሳይከራከሩ ሌላ ሰጡኝ፤ ባለፈው ቅዳሜም በየክዳኑ ላይ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፎ አገኘሁት። የግድግዳው ጽሑፍ ግን እንዳለ ነው፤ ስለ እርሱ ስጠይቃቸው “የለጠፈው ልጄ ነው” ብለው ሳቁ። እርጎውን አሁንም እገዛለሁ።