የአዛዥ ሳንቲም፦ የትኛው ይገዛ፣ እንዴትስ ይሰጥ?

አንድ የሻምበል አዛዥ በራሱ ሥልጣን ሊሰጣቸው የሚችላቸው ሽልማቶች ጥቂት ናቸው። ሜዳሊያ የበላይ ፊርማ ይፈልጋል፤ ማዕረግ ጊዜውን ይጠብቃል፤ የምስክር ወረቀት ከሻንጣ ታች ተጨማድዶ ይቀራል። በአሜሪካ ጦር ሥር የሰደደውና በሌሎች አገሮችም የተለመደው «ቻሌንጅ ኮይን»፣ የክፍሉ ዓርማ ያለበት ሳንቲም፣ ሥራው በተሠራ ማግስት ሊሰጥ ይችላል፤ ወታደሩም ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ጥሩ ሽልማት ነው፤ የምንመክረው ግን አሠራሩንና አሰጣጡን ለሚያስብበት አዛዥ ብቻ ነው።

ርካሹ ዓይነት የቀለጠ የዚንክ ቅይጥ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የሚሠራው ነው። መሐሉ የተበሳ ወይም ዳሩ እንደ ጋሻ የተቆረጠ ሳንቲም ከተፈለገ የሚቀለው አማራጭ ይኸው ነው። ነገር ግን ሲፈስ አየር ውስጡ ከቀረ፣ ላዩ ላይ የተለበጠው ወርቅማ ንጣፍ ውሎ አድሮ ያብጥና ይላጣል። ክብደቱም ያንሳል። 44 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናስ ሳንቲም 35 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ያው መጠን በዚንክ ከ27 እስከ 28 ግራም ቢሆን ነው። ልዩነቱ እጅ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

የምንመርጠው በፕሬስ፣ ማለትም በከባድ መጭመቂያ ማሽን፣ ተመትቶ የሚወጣውን የናስ ሳንቲም ነው። የዓርማው ጥቃቅን መስመሮች ጥርት ብለው ይወጣሉ። ማጠናቀቂያው ደግሞ ያረጀ መልክ የተሰጠው፣ ማለትም ጎድጓዳው የጠቆረና ከፍ ያለው የተወለወለ ይሁን። ከቁልፍና ከሴንጢ ጋር ኪስ ውስጥ ሲፋተግ ጭረቱ አይጎላም፤ እንደ መስታወት የሚያበራው ግን ገና በጥቂት ሳምንት ይጎሳቆላል። ፎቶ ታትሞ ላዩ ላይ ሙጫ የፈሰሰበትን እንለፈው፤ ሙጫው ይቧጨራል፣ ይደበዝዛል።

ቀለም ካስፈለገ፣ ለስላሳ ኢናሜል (የብረት ቀለም) ከብረቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ የዓርማውን ከፍታና ዝቅታ ይጠብቃል። ጠንካራው ኢናሜል ከብረቱ እኩል እስኪሆን ስለሚሞረድ ጭረት ይችላል፤ ከፍ ያለ ቅርጽ ላለው ዓርማ ግን አይሆንም። ከሦስት ቀለም በላይ ከሆነ ዓርማው ይጨናነቃል።

ትዕዛዝ ሲሰጥ ዓርማው ፎቶ ሳይሆን መስመሩ ሳይሰበር የሚጎላ የቬክተር ፋይል ይሁን። ቁመቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ፊደል አይነበብም፤ በ44 ሚሊ ሜትር ሳንቲም ዙሪያ ረጅም መፈክር ለማስገባት መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው። በጀርባው 25 በ10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ባዶ ሜዳ ይተው፤ የወታደሩ ስምና ቀን የሚቀረጸው እዚያ ነው። ሜዳው ባዶ ብረት እንጂ ኢናሜል አይሁን፣ ኢናሜል ሲቀረጽ ይሰነጠቃል። የአዛዡ ስም ሳይሆን የክፍሉ ስም ይጻፍበት፤ አለዚያ አዛዥ ሲቀየር የተረፈው ሁሉ ዋጋ ያጣል። የመጨረሻውን ንድፍ አንድ መኮንንና አንድ ባለሌላ ማዕረግ ፊደል በፊደል አንብበው ይፈርሙበት፤ ቅርጽ ማውጫው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ስሕተት ማረም አዲስ ማስቆረጥ ነው። ከፊርማ በኋላም ሳምንታት ስለሚወስድ አስቀድሞ ይታዘዝ። በክፍሉ ገንዘብ መግዛት መፈቀዱንም ከፋይናንስ ጋር በጽሑፍ መጨረስ ያስፈልጋል።

የሳንቲሙን ክብር የሚያሳጣው ግን ከጥራቱ ይልቅ አሰጣጡ ነው። ለጎብኚ ሁሉ፣ ለሰልፉ ሁሉ ሲታደል ማንም አይፈልገውም። በአንድ ሻምበል ውስጥ በዓመት ከአሥር ሰው ለአንድ ወይም ለሁለት ቢደርስ ይበቃል። ጥቆማው ከጓድና ከጋንታ መሪዎች ይምጣ፤ አለዚያ ቢሮ አካባቢ የሚታዩት ብቻ ይሸለማሉ። ሾፌሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው ሳይታዩ ይቀራሉ።

ከሥራው በኋላ ባለው ሳምንት ውስጥ፣ በጓዶቹ ፊት፣ ምክንያቱ በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ይሰጥ። «ላሳየው ትጋት» ማለት ምንም አይነግርም። «ማክሰኞ ሌሊት ጄኔሬተሩ ሲቆም ነዳጅ ማጣሪያውን ፈትቶ አጽድቶ ከንጋት በፊት አስነሣው፤ በዚህም የሕክምና ድንኳኑ መብራቱን መልሶ አገኘ» ሲባል ግን የሰማው ሁሉ ምን እንደሚያሸልም ያውቃል። ከዚያ አዛዡ ሳንቲሙን መዳፉ ውስጥ ይዞ የወታደሩን እጅ ይጨብጣል። በሰው ፊት መጠራት ለሚከብደው ወታደር በጋንታው መካከል ብቻ መስጠት ይሻላል። ተከታታይ ቁጥር ያስቀርጹ፤ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ሥራውና ጠቋሚው መዝገብ ላይ ይግቡ።

አንድ ጉድለቱ ሳይነገር አይታለፍ፦ ሳንቲም የግል ማኅደር ውስጥ አይገባም፣ ለዕድገትም አይቆጠርም። ስለዚህ በዚያው ቀን አንድ ገጽ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎ ከማኅደሩ ይያያዝ። የፈቃዱ ተራ የተሰረዘበትን ወይም ሦስት ሌሊት በተከታታይ ዘብ የቆመን ሰው ደግሞ ሳንቲም አይክሰውም፤ መጀመሪያ ፈቃዱ ይመለስለት፣ እንቅልፉን ይተኛ። ያ ሳይሆን ቢሰጠው እንደ መናቅ ይቆጥረዋል፣ ልክም ነው።

ለሻምበል 50፣ ለሻለቃ 100 ቢታዘዝ ይበቃል፤ አንዳንድ አምራቾች ከ50 በታች አይቀበሉም። ቅርጽ ማውጫው የሚከፈልበት አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ አምራቹ ስንት ዓመት እንደሚያቆየው ውሉ ላይ ይጻፍ።