ስልክ ላይ የምትሰካዋ ማይክሮስኮፕ፦ ክሽክሽ ታሳያለች፣ ባክቴሪያ ግን የለም

ደብረ ማርቆስ ስልክ ቤቶች ውስጥ የምትሸጠዋን ትንሽዬ ማይክሮስኮፕ አይታችኋል? ካሜራው ላይ በመቆንጠጫ የምትያዘዋን፣ መብራት ያላትን። ካርቶኗ ላይ «60 እጥፍ» ይላል። የሸጠልኝ ልጅ ደግሞ መምህር መሆኔን ሲሰማ «ቲቸር፣ ባክቴሪያ ሳይቀር ታሳይሃለች» አለኝ። ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ጥሩ ማር አይበልጥም፣ ብዙም አልተከራከርኩም።

ባክቴሪያውን እርሱት። ለነፍሳት ግን ጉድ ናት!

አጎቴ አተር ማሳ ላይ ሞከርኳት። ጎዛምን አካባቢ አተር ላይ ክሽክሽ አይጠፋም፣ ለጋው ጫፍ ላይ ተደርድሮ ጭማቂውን ይመጥጣል። በዓይን አረንጓዴ ነጥብ ነው። በስልኩ ላይ ግን ቀይ ዓይኑ፣ ተክሉ ውስጥ የሰካው መምጠጫው፣ ከጀርባው የወጡት ሁለት ቱቦዎች ሁሉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እያየን እያለ አንዷ መውለድ ጀመረች። እንቁላል አይደለም፣ ሙሉ ልጅ፣ በኋላው ቀድሞ እየወጣ። አጎቴ ስልኩን ከእጄ ወስደው «አንተ ልጅ፣ ይቺማ እንደ ላም እየወለደች ነው!» አሉ። ወንዱስ የታለ ሲሉኝ ወንድ ሳያስፈልጋት ብቻዋን ትወልዳለች አልኳቸው፤ እስካሁን አላመኑኝም።

አሁን ወደ ሻጩ ወሬ። ክሽክሽ ውስጥ እውነትም ባክቴሪያ አለ፣ ቡክኔራ ይባላል። የሚኖረው ለእሱ ተብለው በተዘጋጁ ልዩ ሴሎች ውስጥ ነው፣ ልጅም ሳይወለድ ከእናቱ ይወርሰዋል። የአተር ጭማቂ ስኳር ሞልቶታል፣ ሰውነት የሚገነባው አሚኖ አሲድ ግን አይበቃም። የጎደለውን የሚሠራው ቡክኔራ ነው። በአንቲባዮቲክ ካጠፋችሁት ክሽክሿ ትቀጭጫለች፣ መውለዷም ይቆማል። ግን አንዱ ቡክኔራ 3 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በ60 ብታባዙት እንኳ 0.2 ሚሊሜትር አይሞላም፣ እሱም ሰውነቷ ውስጥ ተደብቆ። በዚህች ዕቃ አየሁት የሚል ካለ አቧራ ነው ያየው።

ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ምስጢሩን የፈቱት በማጉያ ብቻ አይደለም። ናንሲ ሞራን የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ አሉ፣ አሪዞና፣ ከዚያ ዬል፣ ከዚያ ቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ እያሉ የሥራ ዘመናቸውን አብዛኛውን ለክሽክሽና ለባክቴሪያው የሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከባክቴሪያ ተመራማሪው ፖል ባውማን ጋር ሆነው የሁለቱን የዘር ሐረግ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ገጠመ፦ ክሽክሹ ወደ አዲስ ዝርያ በተከፋፈለ ቁጥር ባክቴሪያውም አብሮ ተከፋፍሏል፣ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሳይለያዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓናውያን የቡክኔራን ዲኤንኤ ሙሉውን አነበቡት። 640 ሺህ ፊደል ገደማ ብቻ። እኛ አንጀት ውስጥ ያለው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ 4.6 ሚሊዮን ገደማ አለው። ተደግፎ ስለሚኖር ብዙውን ጥሎታል፣ ከክሽክሹ ውጭ ራሱን ችሎ መኖርም አይችልም።

ለክፍል የምወደው ግን የቀለሙን ነገር ነው። የአተር ክሽክሽ አረንጓዴም ቀይም አለ። ሞራን ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳተሙት፣ ቀዩን ቀለም የሚሠሩት ጂኖች ጥንት ከፈንገስ የመጡ ናቸው። ነፍሳት ከፈንገስ ጂን ይወርሳል ብሎ ማን ያስባል? አጎቴ ማሳ ላይ ያየሁት አረንጓዴውን ብቻ ነው፣ ቀይ ያገኘ ፎቶ ይላክልኝ።

ንብም ሞክሬባታለሁ፣ የሞተች ንብ እግር ላይ የተጣበቀውን የአበባ ብናኝ አንድ በአንድ ታሳያለች። ሞራንም በኋላ ወደ ንብ አንጀት ባክቴሪያ ዞረዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ቡድናቸው ግላይፎሴት የተባለው የአረም መድኃኒት ያንን ባክቴሪያ እንደሚያዛባ አሳይቷል። እኛ ጋ ቀፎውና የሚረጨው ማሳ አጥር ለአጥር ናቸውና አናቢዎች ጆሮ ስጡ።

ወደ ዕቃዋ ልመለስ። መቆንጠጫዋ ልል ነው። ሦስት አራት ካሜራ ያለው ስልክ ላይ ትክክለኛውን ሌንስ እስክታገኙ ትበሳጫላችሁ፣ ከቨሩንም ማውለቅ አለባችሁ። ማስተካከያዋ ትንሽ ስትነካ ምስሉ ይደበዝዛል፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይሆንለትም። ክሽክሹም ዝም ብሎ አይቆምም፣ መፍትሔው ለጋውን ቆርጦ ነጭ ወረቀት ላይ በፕላስተር መያዝ ነው። ሐምራዊ መብራትም አላት፣ ለብር መፈተሻ ይላሉ፣ ለእኔ ምንም አልሠራችም። ባትሪዋ ደግሞ የሰዓት ዓይነቷ ትንሿ ናት፣ ቶሎ ያልቃል።

ለአንድ ክፍል ሁለት ይበቃል። ስትገዙ ካርቶኑን አስከፍታችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳንቲም ላይ ሞክሩ፣ መብራቷ የማይበራም አጋጥሞኛልና።